በምንቸት ውስጥ ያለ ሞት

ነቢዩ ኤልሳዕ በጌልጌላ ሳለ በምድሪቱ ላይ ራብ ጸንቶ ነበር። እርሱም በፊቱ ለተቀመጡት ለነቢያት ልጆች በታላቅ ምንቸት ወጥ እንዲሠራላቸው አዘዘ። ከእነርሱም አንዱ የሚበላ ቅጠል ሊለቅም ወደ ሜዳ ወጥቶ፥ የማያውቀውን የዱር ቅል በልብሱ ሞልቶ አመጣና ከትፎ ከምንቸቱ ጨመረው። ወጡ ቀርቦላቸው መቅመስ በጀመሩ ጊዜ ሞት በውስጡ እንዳለበት ዐውቀው ወደ ነቢዩ ጮኹ፤ ነቢዩም ዱቄት አስመጥቶ ቢጨምርበት ክፉው ነገር ከወጡ ራቀ። ታሪኩ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በ4ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል።

ይህ ንባብ ሲተረጐም አብዝተን የምንሰማው ስለ ነቢዩ ተአምራት ነው፤ ይህም የተገባ ነው። እኛ ግን ዛሬ ዐይናችንን ከነቢዩ ጥቂት መልሰን ያንን ቅል ለቃሚ ልንመለከተው ወደድን። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። በራብ ዘመን ለወንድሞቹ የሚሆን ምግብ ፍለጋ የደከመ ትጉህ ነበር እንጂ ገዳይ አልነበረም። ይሁን እንጂ ያመጣውን ነገር አያውቀውም ነበር፤ ሳያውቀውም አዋቂ መጠየቁ አልተጻፈም። ነቢዩ ባይኖርና የነቢያት ልጆች በልተው ቢሞቱ ኖሮ፥ ደማቸው በማን ላይ ይሆን ነበር? በለቃሚው ላይ ነውን? ወጡን በሠራው ሎሌ ላይ ነውን? ወይስ የገደላቸው ራብ ነው ተብሎ ይቀር ነበር?

ይህ ጥያቄ የጥንት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ዛሬ በከተማ ከሚኖረው ሕዝብ ስሙን በማያውቀው ሰው እጅ የተዘጋጀ ምግብ የማይበላ ጥቂት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ግምት፥ በተበከለ ምግብ ምክንያት በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ያህል ሰው ይታመማል፤ 420 ሺህ ያህል ይሞታል፤ ከሚሞቱትም 125 ሺህ ያህሉ ዕድሜያቸው አምስት ዓመት ያልሞላ ሕፃናት ናቸው። (የውጭውን አገር ታሪክ ዓመታት ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልን።) ይህን ያህል ሕዝብ በጦርነት ቢያልቅ ኖሮ በየዐውደ ምሕረቱ ምሕላ ይያዝ ነበር። በምግብ የሚሞት ግን አንድ አንድ እያለ በየቤቱ ስለሚሞት ማንም ቈጥሮ አያለቅስለትም።

በጌልጌላው ማእድ ሁለት ጠባቂዎች እንደ ነበሩ ልብ ማለት ይገባል። አንደኛው፥ ቅሉን የለቀመው ሰው ራሱ ከማእዱ ተካፋይ መሆኑ ነው። ያመጣው ሞት ቢሆን እርሱም ይሞታል። ሁለተኛው፥ የተመጋቢዎቹ ጩኸት ወዲያው ሥልጣን ካለው ሰው ጆሮ መድረሱ ነው። ነቢዩ ከማእዱ ራቅ ብሎ በሌላ ከተማ አልተቀመጠም ነበር። እናት ለልጆችዋ፥ ጎረቤት ለጎረቤቱ ሲያበስል እነዚህ ሁለቱ ጠባቂዎች ዘወትር አሉ። በዘመናችን ግን ሁለቱም በአንድነት የጠፉበት የምግብ ቤት ዓይነት ተፈጠረ፤ እርሱም ፈጣን ምግብ ወይም ፋስት ፉድ የሚባለው ነው።

የዚህ አሠራር ጅማሬ በአሜሪካ ነው። በ1948 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በሳን በርናርዲኖ ከተማ ማክዶናልድ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች የምግብ ቤታቸውን ሥራ እንደ ፋብሪካ ሥራ ከፋፍለው አደራጁት። የምግቡን ዓይነት ጥቂት አደረጉት፤ አንዱ ሠራተኛ ሥጋ መጥበስ ብቻ፥ ሌላው ድንች መጥበስ ብቻ፥ ሌላው መጠቅለል ብቻ ሥራው ሆነ። ምግቡ ረከሰ፥ ቶሎም ደረሰ። ድሀው ሠራተኛ ልጆቹን ይዞ ገብቶ በጥቂት ገንዘብ አጥግቦ የሚወጣበት ቤት መገኘቱ መልካም ነገር ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን እንዲህ ባለው ቤት ሥጋውን የሚጠብሰው ልጅ የከብቱን ባለቤት አያውቀውም፤ አራጁ ጠባሹን አያውቀውም፤ የድርጅቱ አለቃ ከሩቅ ከተማ ተቀምጦ ደቂቃውንና ዋጋውን ይወስናል እንጂ በዚያ ማእድ አይቀርብም። ሁሉም ሥራውን ሠርቷል፤ ምግቡን ሠራሁ የሚል ግን አንድም አይገኝም።

የዚህን ነገር ፍሬ ዓለም በጉልህ ያየው በ1993 ዓ.ም. ነው። በጥር ወር በዋሽንግተን ግዛት በሲያትል ከተማ ወዳለው የሕፃናት ሆስፒታል ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት እየበዙ መጡ። ሐኪሞቹ ነገሩ ያልተለመደ መሆኑን አይተው ለግዛቱ ጤና ጥበቃ አስታወቁ። ምርመራው ሲደረግ አብዛኞቹ ጃክ ኢን ዘ ቦክስ ከተባለው የፈጣን ምግብ ድርጅት ሃምበርገር የበሉ ሆነው ተገኙ። በዋሽንግተን፥ በአይዳሆ፥ በካሊፎርኒያና በኔቫዳ ከ700 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ አራት ሕፃናት ሞቱ፤ ብዙዎችም ኩላሊታቸው ተጎድቶ ቀረ።

ምክንያቱን መረዳት ለነገራችን አስፈላጊ ስለ ሆነ ጥቂት እንዘርዝረው። ኢ ኮላይ ከሚባሉት ረቂቅ ተሐዋስያን አንዱ ዓይነት፥ ኦ157 የሚሰኘው፥ በከብት አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ከብቱን አያሳምመውም። ሲታረድና ሲገፈፍ ፈርሱ ሥጋውን ከነካው ተሐዋሲው በሥጋው ላይ ይቀራል። ሥጋው ሙሉ ሙዳ ከሆነ ጀርሙ በላዩ ብቻ ስለሚቀመጥ እሳት ሲነካው አብዛኛው ይጠፋል። ሥጋው ሲፈጭ ግን ከላይ የነበረው ወደ ውስጥ ይገባል። ለሃምበርገር በፋብሪካ የሚፈጨው ሥጋ ደግሞ ከብዙ ከብቶች የተቀላቀለ ስለሚሆን፥ የአንዱ ከብት ነውር ለብዙው ይተርፋል። እንደ ቂጣ የተጠፈጠፈው ሥጋ ከላይ ጠቍሮ ሳለ መካከሉ ጥሬ ከሆነ፥ ሞት በውስጡ እንዳለ ይቀርባል። ለመግደልም ብዙ አያስፈልገውም፤ ከመቶ ያነሱ ተሐዋስያን እንኳ በሽታውን ሊያመጡ ይችላሉ።

የዋሽንግተን ግዛት ጤና ጥበቃ ይህን ዐውቆ፥ የተፈጨ ሥጋ መካከሉ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ እንዳይቀርብ አስቀድሞ በ1992 ዓ.ም. ደንብ አውጥቶ ነበር። ድርጅቱ ግን 60 ዲግሪ የሚለውን የፌዴራሉን መንግሥት ልክ ይዞ ይሠራ ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ ታላቅ ሃምበርገር በርካሽ ዋጋ ለሽያጭ አቅርቦ ስለ ነበር፥ ገዢው በዝቶ ማድ ቤቶቹ ተጨናንቀው ሥጋው በሚገባ ሳይበስል ይወጣ ነበር። ኋላም በፍርድ ጊዜ ሰነዶች ሲመረመሩ፥ ከድርጅቱ ሠራተኞች አንዱ ሥጋው ጥሬ ነው ብለው ገዢዎች ስላጕረመረሙ ጥቂት ጊዜ ቢጨመርበት መልካም ነው የሚል ጽሑፍ አስቀድሞ ለአለቆች እንደ ላከ ተገኘ። የተሰጠው መልስ፥ ከሁለት ደቂቃ በላይ ቢጠበስ ሥጋው ይጠነክራል የሚል ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። በጌልጌላ የጮኹት ሰዎች ነቢዩ ዘንድ ጩኸታቸው ደረሰ። በዚህም የጮኸ ነበረ፤ ከማድ ቤቱ ውስጥ፥ ከምድጃው አጠገብ ጮኸ። ጩኸቱም ደረሰ፤ ወረቀቱ ተነበበ፤ መልስም ተጻፈበት። የጐደለው ዕውቀት ነው ለማለት እንዴት ይቻላል? ተሐዋሲው ራሱ የሰው በሽታ መሆኑ የታወቀው ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ በ1982 ዓ.ም. በኦሪገንና በሚሺጋን የሌላ ፈጣን ምግብ ድርጅት ሃምበርገር በልተው በታመሙ ሰዎች ነበር። ስለዚህ ዘመኑ አለማወቅን ምክንያት ለማድረግ አይፈቅድም።

ደግሞም ከሞቱት ከአራቱ ሕፃናት ሁለቱ ከዚያ ቤት ምግብ አልቀመሱም። ከሌላ የታመመ ሕፃን ተጋብቶባቸው ሞቱ፤ አንደኛውም በሽታው ያገኘው በሕፃናት መዋያ ነው፤ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። የምግብ በደል ከሌላው በደል የሚለይበት ይህ ነው። ሌባ የሚሰርቀው አንዱን ቤት ነው። ያልበሰለ ሥጋ ያቀረበ ግን ወደማያውቀው ቤት ገብቶ፥ ያልገዛውን፥ ያልበላውን፥ የዚያን ድርጅት ስም እንኳ ጠርቶ የማያውቀውን ሕፃን ይገድላል።

እንግዲህ ደሙ በማን ላይ ነው? በኦሪት ዘጸአት በ21ኛው ምዕራፍ ስለ ተዋጊ በሬ የተነገረው ሕግ ለዚህ እጅግ ይስማማል። በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል፥ ባለቤቱ ስለ በሬው ጠባይ አስቀድሞ ያልሰማ ከሆነ ከደሙ ንጹሕ ነው። አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ከሆነ ግን እንደ ገዳይ ይቈጠራል። ሕጉ ባለቤቱን በሬውን አዝዘሃልን፥ ወይስ ሰውዬውን ትጠላው ነበርን ብሎ አይጠይቀውም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተነግሮህ ነበርን? በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሰው ከሰገነቱ ወድቆ ደም በቤቱ ላይ እንዳይሆን በዙሪያው መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። ይህኛው ሕግ ከፊተኛው ይጠልቃል፤ ገና ማንም ሳይወድቅ፥ ማንም ሳያስጠነቅቅ፥ ሊወድቅ የሚችለውን ሰው አስቦ መሥራት ግዴታ መሆኑን ያስተምራልና። ለምግብ ቤት መከታው ምንድር ነው? የሙቀት መለኪያ ነው፤ ሳሙናና ውኃ ነው፤ የታመመ ሠራተኛ የሚያርፍበት ቀን ነው።

በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ፥ ሥጋውን የጠበሰው የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ጥበስ ተብሎ ሁለት ደቂቃ ጠበሰ፤ እርሱን ምን ትሉታላችሁ ይለን ይሆናል። ጥያቄው የተገባ ነው። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ የጌታውን ፈቃድ ዐውቆ ያላደረገው ባርያ ብዙ እንደሚገረፍ፥ ሳያውቅ የበደለው ግን ጥቂት እንደሚገረፍ አስተምሯል። ጥቂት ይገረፋል እንጂ አይገረፍም አላለም። ቤተ ክርስቲያንም በጸሎትዋ በዕውቀት የሠራነውንም ሳናውቅ የሠራነውንም ይቅር እንዲለን ትለምናለች፤ ባለማወቅ የተሠራው ምንም ካልሆነ ልመናው ባላስፈለገ ነበር። ቅዱስ ባስልዮስ ለኢቆንዮኑ ኤጲስ ቆጶስ ለአምፊሎክዮስ በጻፋቸው ቀኖናዎች ነፍስን በፈቃዱ ያጠፋውንና ሳይፈቅድ ያጠፋውን ለይቶ፥ ሳይፈቅድ ላጠፋውም አነስ ያለ ነገር ግን እውነተኛ የንስሐ ዘመን ወስኖለታል። ይህ ለብዙዎች ጭካኔ ይመስላቸዋል። እኛ ግን ምሕረት ሆኖ አግኝተነዋል፤ በእጁ ሰው የሞተበት ሰው፥ አንተ ምንም አላደረግህም ሲሉት የማይጽናና ስለ ሆነ ነው። የሚጸጸትበትና የሚነጻበት መንገድ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የልጁ ድርሻ አለ፤ ትንሽ ነው። የሥራ አስኪያጁ ድርሻ አለ፤ ከልጁ ይበልጣል። ወረቀቱን አንብቦ ሥጋው ይጠነክራል ያለው ሰው ድርሻ ከሁሉ ይከብዳል። በደል እንደ ውርስ መሬት ለወራሾች ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የሚያንስ ነገር አይደለም። መቶ ሰው ቢካፈለውም ለአንዱ ሙሉ ሆኖ ሊደርሰው ይችላል። ከርካሽ ዋጋና ከፍጥነት በቀር ሌላ ያልጠየቅን እኛ ገዢዎችም፥ በተሰለፍንበት ምግቡ አምስት ደቂቃ ዘገየ ብለን የምንጮህ እኛም፥ ከዚህ ድርሻ ውጭ ነን ለማለት አንደፍርም።

ስለ አለማወቅ ከተነሣ አይቀር፥ ከሁሉ የሚያሳዝነውን ታሪክ ማንሣት ይገባናል። ሜሪ ማለን የተባለች ከአየርላንድ የመጣች ሴት በኒውዮርክ በባለጸጎች ቤት ወጥ ቤት ነበረች። ከሄደችባቸው ቤቶች በአብዛኞቹ ቤተ ሰቡ በታይፎይድ ይያዝ ነበር፤ እርስዋ ግን ፍጹም ጤነኛ ነበረች። በ1907 ዓ.ም. ጆርጅ ሶፐር የተባለ መርማሪ ነገሩን ተከታትሎ ደረሰባት። በሰውነትዋ ውስጥ ተሐዋሲውን ተሸክማ ሳትታመም የምትኖር ሆና ተገኘች። እርስዋ አላመነችም፤ ሹካ ይዛ አባረረችው ይባላል። መንግሥት ይዞ በደሴት ላይ ሦስት ዓመት ያህል አገለላት። በ1910 ዓ.ም. ዳግመኛ ወጥ ቤት ሆና እንዳትሠራ ቃል አስገብቶ ለቀቃት። ልብስ አጣቢ ሆነች፤ ደመወዙም ከፊተኛው ያነሰ ነበር። በ1915 ዓ.ም. በአንድ የወላዶች ሆስፒታል ታይፎይድ ተነሥቶ 25 ሰዎች ታመው ሁለቱ ሲሞቱ፥ ወጥ ቤቷ ስምዋን ለውጣ የገባች እርስዋው ሆና ተገኘች። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞትዋ እስከ 1938 ዓ.ም. ከደሴቱ አልወጣችም።

በመጀመሪያው ጊዜ ሜሪ እንደ ቅል ለቃሚው ነበረች፤ አላወቀችም፥ ልታውቅም አትችልም ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ግን ተነግሯት ነበር። አለማወቅዋ የፈቃድ አለማወቅ ሆነ። ይህን ከተናገርን በኋላ ግን ሌላውንም እንናገር፤ ከተማው ከምድጃዋ አስነሥቶ ሲለቃት እንደ ፊተኛው ልትኖር የምትችልበትን ሥራ አልሰጣትም። ዳቦዋን ነጥቆ ቃል ብቻ አሸክሞ ሰደዳት። ሰውን በራብ መካከል አቁሞ ጻድቅ ሁን ማለት ቀላል ነገር ነው፤ ባለ ሥልጣኖችም፥ ሰባክያንም፥ እኛ ጸሐፊዎችም አብዝተን እናደርገዋለን።

ይህ ነገር ከሜሪ ጋር አልተቀበረም። በአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያ ማዕከል ተመራማሪዎች የምግብ ቤት ሠራተኞችን ጠይቀው እንዳገኙት፥ ከአምስቱ አንዱ ባለፈው ዓመት ውስጥ ትውከት ወይም ተቅማጥ ይዞት ሳለ ቢያንስ አንድ ፈረቃ ሠርቷል። የዚያ አገር የፌዴራል ሕግ አሠሪው ለታመመ ሠራተኛ ደመወዝ እየከፈለ እንዲያሳርፈው አያስገድድም፤ የሚያስገድዱ ግዛቶች አሉ፥ የማያስገድዱም አሉ። ሠራተኛው የቤት ኪራይ አለበት፤ ቢቀር ደመወዙ ይቀራል፤ አብዝቶ ቢቀር ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ ሆዱን ይዞ ይመጣል፤ ጓንት አጥልቆ ሰላጣውን ይከትፋል። በነቢዩ በአሞጽ በ8ኛው ምዕራፍ የስንዴውን ግርድ ለድሀ የሚሸጡ ነጋዴዎች ተወቅሰዋል። በያዕቆብ መልእክት በ5ኛው ምዕራፍ ደግሞ የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ተጽፏል። በዘመናችን ማድ ቤት ሁለቱ በደሎች አንድ ሆነው ተገኙ፤ የሠራተኛውን ዕረፍት የቀማ ባለቤት ለገዢው ግርድ ሸጠ።

አሁን ደግሞ ከካህናትና ከምእመናን መካከል ሊነሣ ወደሚችለው መቃወሚያ እንምጣ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ15ኛው ምዕራፍ ሰውን የሚያረክሰው ከልቡ የሚወጣው ነው እንጂ ባልታጠበ እጅ መብላት አያረክሰውም ሲል አስተምሮ የለምን? እንግዲህ ስለ ሳሙናና ስለ ሙቀት መለኪያ መጻፍ የማዘጋጃ ቤት ሥራ እንጂ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነውን? ለዚህ የምንመልሰው እንዲህ ነው። ጌታችን የነቀፋቸው ሰዎች እጃቸውን የሚታጠቡት ራሳቸውን ከሌላው ለይተው ቅዱሳን ለማሰኘት ነበር፤ እጃቸውን እየታጠቡ አባትና እናታቸውን መርዳት የተዉ ስለ ነበሩ ገሠጻቸው። መታጠቡን አይደለም የጠላው፤ ፍቅር የሌለበትን መታጠብ ነው። ላልታጠበ እጁ ፍቅር የሌለው ሰውስ በዚህ ቃል እንዴት ይጸድቃል? ያልታጠበ እጅ የባለቤቱን ነፍስ አያረክስም፤ የባልንጀራውን ልጅ ግን ሊገድል ይችላል። ይህ እጅ የማይታጠበው ከስንፍና ወይም ከስስት የተነሣ ከሆነ፥ ስንፍናውና ስስቱ ከልብ የወጡ ናቸውና ጌታችን እንዳለው ሰውየውን ያረክሱታል።

ደግሞም ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። በቤተ ልሔም የሚያገለግል ዲያቆን ስንዴው እንዴት እንደሚለቀም፥ ዱቄቱ እንዴት እንደሚጠበቅ፥ ኅብስቱም በዕለቱ መጋገር እንዳለበት ያውቃል። በጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ተንኝ ወደ ጽዋው እንዳይገባ በማራገቢያ የሚጠብቁ ዲያቆናት ነበሩ። በቅዳሴ ጊዜም ካህኑ እጁን ታጥቦ ሳያደርቅ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ውኃውን እያንጠባጠበ፥ ሳይገባው የሚቀርብ ቢኖር ከደሙ ንጹሕ መሆኑን ያስታውቃል። አብሳይም ከደም ንጹሕ ነኝ ለማለት የሚችለው አስቀድሞ ታጥቦ፥ አስቀድሞም አስጠንቅቆ ሲገኝ ነው። አገራችንም ከማእድ በፊት እጅ የማስታጠብን ሥርዐት ከጥንት ይዛ ኖራለች፤ እንግዳ ሳይታጠብ ጉርሻ የሚቀበልበት ቤት ነውረኛ ነበር።

ይሁንና ስለ ሌላው አገር ጽፈን ስለ ራሳችን ዝም ብንል ግብዝነት ይሆንብናል። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች የበርገር ቤት በየመንገዱ ተከፍቷል፤ የተፈጨ ሥጋ ነገር ከላይ የጻፍነው ሁሉ ለእነርሱም ነው። ጥሬ ሥጋና ክትፎ የምንወድ ሕዝብ መሆናችንም የታወቀ ነው፤ አባቶቻችን ለዚህ ፍቅራቸው በየጊዜው ኮሶ እየጠጡ ይከፍሉ ነበር። ክትፎ ደግሞ እንደ ሃምበርገሩ ሥጋ ላዩ ከውስጡ የተደባለቀ መሆኑን ማሰብ ደግ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያሳስበን የራሳችን ማእድ ነው። በተዝካርና በማኅበር ድግስ ብዙ መቶ ሰው የሚበላው ወጥ ካደረ በኋላ ሳይሞቅ ሲቀርብ፥ ውኃው ከየት እንደ ተቀዳ ሳይጠየቅ ሲቀር፥ ወጥ የሠራችው ሴት ታማ ሳለ አገልግሎት ነው ተብላ ስትቆም፥ አንዳንዱ የተባረከ ነገር ምን ያደርጋል ይላል። ጌታችን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ላለው ፈታኝ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ የመለሰለትን ይህ ሰው ዘንግቶታል። በረከት ለትጋት ተጨማሪ ነው እንጂ የስንፍና ምትክ አይደለም።

በአሜሪካ ከዚያ መከራ በኋላ የተደረገውን በጥቂቱ እንናገር። በ1994 ዓ.ም. የግብርና መሥሪያ ቤቱ ያ ተሐዋሲ የተገኘበትን የተፈጨ ሥጋ ሁሉ የተበላሸ ነው ብሎ ሽያጩን ከለከለ፤ ነጋዴዎች በፍርድ ቤት ተከራክረው ተረቱ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ሥጋ ቤቶች አደጋው ሊገባ የሚችልበትን ቦታ ሁሉ አስቀድመው መርምረው እንዲጠብቁ የሚያዝ ደንብ ወጣ። ይህ ዘዴ የተፈለሰፈው በ1960ዎቹ ወደ ጠፈር ለሚላኩ ሰዎች ምግብ ነበር፤ ወደ ሰማይ ለሚወጡ ጥቂት ሰዎች የተደረገው ጥንቃቄ በምድር ላሉ ሕፃናት እስኪደርስ ሠላሳ ዓመት ፈጀ። ሥራው ግን አልተፈጸመም። በ2024 ዓ.ም. በዚያው ተሐዋሲ የተበከለ ጥሬ ሽንኩርት በማክዶናልድ ሃምበርገር ውስጥ ገብቶ በ14 ግዛቶች 104 ሰዎች ታመው አንድ ሰው ሞቷል። ሥጋው ተጠበቀ፤ ሞት በቅጠሉ በኩል ገባ። እንደ ቅል ለቃሚው ዘመን ማለት ነው።

ጃክ ኢን ዘ ቦክስም ከመከራው በኋላ ዴቪድ ቴኖ የተባለ የምግብ ሳይንስ ሊቅ ቀጥሮ አሠራሩን ሁሉ አስለወጠ። ይህ ሰው ከሞቱት ሕፃናት የአንዲቱን ፎቶግራፍ በቦርሳው ይዞ ይዞር ነበር፤ የሚያስቸግር ውሳኔ ሲገጥመውም ሥዕሉን አውጥቶ እየተመለከተ ይህች ልጅ ምን እንዳደርግ ትፈልግ ነበር ብሎ ራሱን ይጠይቅ እንደ ነበር ተናግሯል። በጌልጌላው ማእድ የነበረውንና በፋብሪካው ማእድ የጠፋውን ነገር፥ የበላተኛውን ፊት፥ ይህ ሰው በቦርሳው ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መለሰው።

አሁን አንድ ነገር ቀረን። በባዕድ አገር ባሉ ማድ ቤቶች የሚሠሩ ልጆቻችን ብዙ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ወደ ንስሐ አባቱ መጥቶ፥ አባቴ፥ ሆዴን አሞኝ ሳለ ብቀር የቤት ኪራይ ስለማጣ ሥራ ገብቼ ለሰው ምግብ አዘጋጀሁ፤ ኃጢአት ነውን ቢለው ምን ይመልሱለታል? እኛ የሚመስለን፥ አዎን ልጄ ኃጢአት ነው፤ ዳግመኛ አታድርገው ብለው ቀኖናውን አቅልለው እንዲሰጡት፥ ከዚያም ሳያሰናብቱት ያ የቀረበት የአንድ ቀን ደመወዝ ስንት እንደ ሆነ ጠይቀው ከሰበካው የምጽዋት ሣጥን እንዲሰጡት ነው። ባለ ምግብ ቤቱም የንስሐ ልጃቸው ከሆነ፥ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ስለ ጾሙና ስለ ስግደቱ ከመጠየቃቸው በፊት፥ በማድ ቤትህ የታመመ ሰው ስንት ቀን ከነደመወዙ ያርፋል ብለው ይጠይቁት።